ከመሃል የምትወጣው ካርታ

ጠጋ በሉማ። ይህን ታሪክ ከሩቅ ሆኖ መስማት አይሆንም፤ ነገሩ ራሱ ከሩቅ የማይታይ ነገር ነው። መድረክ የለውም። መጋረጃ የለውም። ሴት ሳጥን ውስጥ አስተኝቶ በመጋዝ ለሁለት የሚከፍል ሰው የለበትም። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ጥቅል ካርታ፣ ከአፍንጫችሁ ክንድ ያህል የራቁ ሁለት እጆች፤ በቃ። ሙያተኞቹ የቅርብ ምትሃት ይሉታል።

ምትሃት ማለቴን ልብ በሉልኝ። አስማት አላልኩም። አስማት ብዬ ብጀምር አክስቴ ይህን ጽሑፍ ከቤቷ አታስገባውም፤ እውነቷንም ነው። አስማተኛ ነኝ የሚል ሰው ኃይል አለኝ ብሎ ይምልላችኋል። ምትሃት የሚያሳይ ሰው ግን «ላታልላችሁ ነው» ብሎ አስጠንቅቋችሁ፣ እያያችሁት ያታልላችኋል። ሐዋርያት ጌታ በሌሊት በባሕር ላይ ሲራመድ አይተው የጮኹበት ቃልም ይኸው ነው፤ ዓይናቸው ያመጣላቸውን ልባቸው አልቀበል ብሎ።

እሺ። ወደ ነገሬ።

ዘመኑ በፈረንጆች አቆጣጠር 1932 ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠራው ዓመት ሁሉ በእነሱው ነው። አሜሪካ ውስጥ ካንሳስ በምትባል ግዛት፣ ዊቺታ በምትባል ከተማ፣ በብርዱ ወራት አንድ ቀጠን ያለ ሰው እስረኛ ሊጠይቅ ይሄዳል። እስረኛ ጠያቂ እንደምታውቁት ስንቅ ይዞ ነው የሚሄደው። የዚህ ሰውዬ ስንቅ ካርታ ነው። እስረኛው ሜክሲኳዊ ቁማርተኛ ነው፤ ሰው ገድለሃል ተብሎ ነው የተያዘው። ጠያቂው ዘመዱ አይደለም፣ ጠበቃው አይደለም፣ ነፍስ አባቱም አይደለም። እጁ ጥሩ ነው ሲሉ ሰምቶ፣ የሚያውቀውን እንዲያሳየው ብቻ ነው የመጣው።

እንግዲህ አስቡት። አንዱ በነፍስ ግድያ ተከስሶ ፍርዱን የሚጠብቅ፣ ሌላው ሚስትና ልጅ ያለው፣ በድፍን አሜሪካ ሥራ በጠፋበት ዘመን የነገ እንጀራው ያልታወቀ። ሁለቱ ምን ያወራሉ? ስለ ካርታ አስተዳደል ያወራሉ።

ጠያቂው ዳይ ቨርነን ይባላል። ማን እንደሆነ ከመንገሬ በፊት ግን የራሴን ጉድ ላስቀድም።

እኔ ይህን ጥበብ መጀመሪያ ያየሁት ቲያትር ቤት አይደለም፤ መርካቶ ነው። ልጅ ነኝ። የጫማ መግዣ ተሰጥቶኝ ስሄድ አንድ ሰው ካርቶን ዘቅዝቆ፣ ሦስት ካርታ ዘርግቶ ያገላብጣል። ሁለት ጥቁር፣ አንድ ቀይ። «ቀይዋን ያየ! ቀይዋን ያየ!» ቀይዋን እኔ አይቻታለሁ። እንዴት አላያት? ዓይኔን አልነቀልኩባትም እኮ! ከጎኔ የቆመው ሰውዬ በክርኑ ጎሸም አድርጎኝ «እሷ ናት አንተ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አለኝ። ሰውዬው የእነሱ ሰው መሆኑ የገባኝ ቤቴ ልደርስ ስል ነው። ገለበጥኳት፤ ጥቁር። የጫማዬ ብር ሄደ። ማታ የቀመስኩትን ኩርኩም አልቆጥርላችሁም። የገረመኝ ሌላ ነው፤ ሌሊቱን ስገላበጥ እንቅልፍ የነሳኝ ብሩ አልነበረም፤ እጆቹ ነበሩ። ደግሜ ብበላም እንኳ እነዚያን እጆች አንድ ጊዜ በደንብ ባያቸው እያልኩ ነጋ።

ዳይ ቨርነንን የያዘው ይኸው በሽታ ነው። የእሱ ግን ዕድሜ ልክ የዘለቀ፣ መድኃኒት ያልተገኘለት።

ይህ ሰው የተወለደው በ1894 በካናዳ፣ ኦታዋ ውስጥ ነው። የቤት ስሙ ዴቪድ ቨርነር ነበር። «ዳይ» የሆነው አንድ ጋዜጣ ስሙን አሳስቶ ስላተመው ነው ይባላል፤ እሱም ሳያስተካክል ተወው። አባቱ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፤ ከሥራ መልስ ጥቃቅን ምትሃት ማሳየት የሚወዱ። ልጃቸው የመጀመሪያውን የተማረው በሰባት ዓመቱ ከእሳቸው ነው። ከሸመገለ በኋላ በሕይወቱ የሚቆጨው ነገር እንዳለ ሲጠየቅ፣ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ዓመታት በከንቱ ማለፋቸውን እያነሳ ይቀልድ ነበር።

በ1902 ቺካጎ ላይ አንድ መጽሐፍ ታተመ። ደራሲው «ኤርድኔዝ» የሚል ስም ለጠፈበት። መጽሐፉ በቁማር ጠረጴዛ ላይ እንዴት እንደሚሰረቅ ያስተምራል፤ ጣት በጣት፣ አንጓ በአንጓ፣ ከነሥዕሉ። መግቢያው ላይ ደራሲው ለምን እንደጻፈው ሲናገር አያፍርም፤ ገንዘብ ቸግሮት ነው። ስሙን ከኋላ ወደ ፊት ስታነቡት «አንድሩዝ» የሚል ይወጣል፤ ይሄው ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ፣ ሰውዬው ማን እንደነበር ግን በእርግጥ ያወቀ የለም። እስቲ እዩት! መጽሐፉ ከእጅ አልወጣም፣ ጸሐፊው አልተያዘም። ትንሹ ዴቪድ ይህን መጽሐፍ አገኘው። የቆሎ ተማሪ ዳዊት እንደሚደግም ደገመው፤ ገጹን ትጠሩለታላችሁ፣ እሱ በቃሉ ይወጣላችኋል።

ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው ሥዕል ሊማር በሚል ኒው ዮርክ ገባ። ሥዕሉን ለእንጀራው አዋለው። ኮኒ አይላንድ በምትባለው የባሕር ዳር መዝናኛ ተቀምጦ፣ መቀስና ጥቁር ወረቀት ይዞ የሰው መልክ ይቆርጣል። እናንተ ጎናችሁን ሰጥታችሁ ትቀመጣላችሁ። እሱ እርሳስ አያነሳም፣ መስመር አያሰምርም፤ ዓይኑ እናንተ ላይ፣ መቀሱ ወረቀቱ ላይ ነው። ግንባር፣ አፍንጫ፣ ከንፈር፣ አገጭ፤ ወረቀቱ ዞሮ ሲያልቅ የእናንተ ጥላ እጁ ላይ ነው። በጥቂት ደቂቃ ሳንቲሙን ይቀበላል። በቂ ሳንቲም ሲጠራቀም ሱቁን ዘግቶ ካርታ ያውቃሉ የተባሉ ሰዎችን ፍለጋ ይሄዳል። የሀብታም ነጋዴ ጸባይ እንዳልሆነ አልክድም።

አንድ ሌሊት ግን ስሙን አስጠራው። የካቲት 1922፣ ቺካጎ፣ ግሬት ኖርዘርን ሆቴል። ለታላቁ ሁዲኒ ክብር የራት ግብዣ ተደርጎ ምትሃተኛ ሁሉ ተሰብስቧል። ሁዲኒ እንግዲህ ያ በሰንሰለት ታስሮ፣ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ፣ ውሃ ውስጥ ተጥሎ የሚወጣው ሰው ነው። የሚፎክርበት ነገር ነበረው፤ ማንኛውንም ምትሃት ሦስት ጊዜ ካሳያችሁኝ ዘዴውን እነግራችኋለሁ ይል ነበር።

ቨርነን ጠጋ አለ። ከጥቅሉ አንድ ካርታ ምረጥ አለው። የራስህን ስም ፊደል ጻፍበት አለው፤ ሁዲኒ በቀለም ጻፈበት። አሁን ሌላ ካርታ ነው የሚያስብል ነገር የለም። ቨርነን ካርታውን ወስዶ ከላይ ሁለተኛ አድርጎ አስገባው፤ እያሳየው፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ የላይኛውን ገለበጠ። የሁዲኒ ፊደል ያለበት ካርታ! ድገም ተባለ። ደገመ። ያው። ሦስተኛው ደረሰ፤ ሁዲኒ ዝም። አራት ሆነ። እንደሚተረከው ሰባት ጊዜ ደረሰ፤ ሁዲኒ የሚለውን አጣ። ሚስቱ ቤስ ሳትቀር በቃህ ተታለልክ እኮ ብላዋለች ይባላል፤ የባለትዳር ነገር ነው፣ እኔ አምናለሁ።

ዘዴውን አውቀዋለሁ። አልነግራችሁም። የዚህ ሙያ ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ካፈረስኩ ምን ይቀረኛል?

ከዚያ ቀን ወዲያ ቨርነን «ሁዲኒን ያታለለው ሰው» ሆነ። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ስም ቲያትር ተከራይቶ ይከብርበት ነበር። እሱ ወደ መቀሱ ተመለሰ። ያ ሁሉ የኢኮኖሚ ድቀት ሲመጣ ባንኮች ሲዘጉ፣ ሰው ለዳቦ ሲሰለፍ፣ ቨርነን ሚስቱን ጂንንና ትንሹን ልጁን ይዞ ከከተማ ከተማ ሲንከራተት፣ በ1932 ዊቺታ ላይ አረፈ። እኛም ከእስር ቤቱ በር እንገናኘዋለን።

አሁን እስረኛው ምን እንደነገረው እንዲገባችሁ ትንሽ ስለ ቁማር ልንገራችሁ። አትጠቀሙበትም ብዬ አምናችኋለሁ።

አንድ አጭበርባሪ አራቱን አስ ሰብስቦ ከጥቅሉ ሥር አስቀመጠ እንበል። ለሌላው ሲያድል ከላይ ያድላል፣ ለራሱ ሲደርስ ከሥር ይመዛል። ይህ የቆየ ሌብነት ነው፤ ኤርድኔዝም ጽፎታል። ታዲያ ቁማርተኛም ሞኝ አይደለም፣ መድኃኒት አበጀለት። አዳዩ በውዞ ሲጨርስ ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ ያኖራል፤ ባላንጣው ከላይ ግማሹን አንስቶ ጎኑ ያስቀምጣል፤ ሥር የነበረው ከላይ ይደረባል። መቁረጥ የሚሉት ይህንን ነው። አሁን እነዚያ አራት አስ የት አሉ? ከሥር አይደሉም። ከላይም አይደሉም። በ52 ካርታ መሃል ተቀብረዋል። አጭበርባሪው ካርታዎቹን ወደ ቦታቸው ሊመልስ የማይታይ እንቅስቃሴ ማድረግ አለበት፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሁሉም ዓይን እጁ ላይ ነው። በዚህች ቅጽበት የተያዘ ብዙ ነው። ሽጉጥ የተመዘዘበትም አለ።

እና እስረኛው ለቨርነን ምን ቢለው ጥሩ ነው? ካንሳስ ሲቲ አካባቢ አንድ ሰው አይቻለሁ፤ ቢቆረጥበት ግድ የለውም፤ ከመሃል ያድላል።

ከመሃል!

ከላይ የምትወጣ ካርታ አየር ላይ ናት፣ ነጻ ናት። ከሥር የምትወጣውም ቢያንስ አንድ ጎኗ ክፍት ነው። መሃል ያለችው ግን ከላይ ሃያ ምናምን፣ ከታች ሃያ ምናምን ካርታ ተጭኗታል፤ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተጠርዛለች። እሷን ብቻ ነጥሎ፣ በመደበኛ ፍጥነት፣ የላይኛዋ እንደወጣች አስመስሎ፣ ሊገድሉህ በሚችሉ ሰዎች ፊት መምዘዝ! ቨርነን ያን ጊዜ ወደ አርባ ዓመት እየተጠጋ ነው፤ ዕድሜውን የፈጀው ካርታ ላይ ነው፤ ይህ ነገር ተረት ነው ብሎ ያምን ነበር። ሊቃውንቱም እንደዚያው። ኤርድኔዝ እንኳ አልጻፈውም።

አያችሁ፣ እዚህ ላይ ነው ሰው የሚለየው። እኔና እናንተ ብንሆን «ይህ እስረኛ ዋሸኝ» ብለን ቤታችን እንገባለን። ቨርነን ግን ፍለጋ ወጣ።

ካንሳስ ሲቲ በዚያን ጊዜ ቶም ፔንደርጋስት የሚባል የፖለቲካ አለቃ ከተማ ነበረች። መጠጥ በሕግ የተከለከለበት ዘመን ነው፤ በእሷ ዘንድ ግን ይጠጣል፣ ቁማር ቤቱ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል፣ ጃዙ ሲነፋ ያድራል። በእንዲህ ዓይነት ከተማ «ከመሃል የሚያድለውን ሰውዬ ታውቃላችሁ?» እያላችሁ ስትዞሩ ምን ይገጥማችኋል? ምትሃተኞቹ ሳቁበት። ቁማርተኞቹ አልሳቁም፤ ዝም አሉ። እሱን የበለጠ ያስጨነቀው የእነዚህ ዝምታ ይመስለኛል። በዚህ ዓለም የሰው እጅ ምን እንደሚችል መናገር የሰውን እንጀራ መንጠቅ ነው፤ አንዳንዴም ነፍሱን። የጎበዝ ሌባ ስም አይጠራም። ቢሆንም ወሬ መቼ ተደብቆ ይኖራል? ቀን ቆጥሮ፣ ከቁማሩ ዓለም የሆነ አንድ ሰው የቦታውን ስም ሹክ አለው። ፕለዘንት ሂል፣ ሚዙሪ። ከካንሳስ ሲቲ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቅ ትንሽ የገጠር ከተማ። ሰውዬው ኬኔዲ ይባላል።

ፕለዘንት ሂል ሲደርስ እዚያም ያው ዝምታ። እንግዳ ሰው መጥቶ ስለ አንድ ቁማርተኛ ቢጠይቃችሁ ምን ትሉታላችሁ? ፖሊስ ቢሆንስ? የተበላ ሰው በቀል ይዞ መጥቶ ቢሆንስ? ቨርነን ራሱ በኋላ ደጋግሞ እንደተረከው፣ ተስፋ ሊቆርጥ ሲል አይስክሬም የምትልስ አንዲት ትንሽ ልጅ አየ። ኬኔዲ የሚባል ሰው ታውቂያለሽ? አላት። አዎ አለችው፤ ያ ቤት ነው።

ካርታ የሚያውቀው ሁሉ የደበቀውን ሰው አንዲት አይስክሬም የያዘች ልጅ በጣቷ አሳየችው። እኔ ይህን ክፍል ስተርክ ልጆች ካሉ ደግሜ ነው የምተርከው፤ ደስ ይላቸዋል።

አለን ኬኔዲ በሩን ከፈተ። ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ረጋ ያለ ሰው። ቨርነን ፖሊስ አለመሆኑን፣ ካርታ የሚወድ ሰው ብቻ መሆኑን ሊያስረዳው ስንት ደቂቃ እንደፈጀበት እንጃ። ከንግግሩ ይልቅ ካርታ ሲይዝ ጣቶቹ ያስረዱለት ይመስለኛል፤ እንዲህ ያሉ ሰዎች በዚያ ነው የሚተዋወቁት፣ ሽማኔ ሽማኔን በአቀማመጡ እንደሚለየው። ተቀመጡ። ኬኔዲ በወዘ። ካርታው ተቆረጠ። ማደል ጀመረ።

እዚህ ጋ ትንሽ ዝም ልበል።

የዚህ ነገር ክፉነቱ፣ ምንም አለመታየቱ ነው። አዳዩ ያድላል፤ በቃ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። የሚያበራ ነገር የለም፣ ከበሮ አይመታም። ካርታው ሲገለበጥ ብቻ ነው፣ ከመሃል መውጣት የማይችለው መውጣቱ የሚታወቀው። ኬኔዲ ይህንን ለዓመታት ለብቻው፣ ሌሊት ሌሊት ሲለማመድ ኖሯል። አሁን አስቡት፦ አንድ ሰው በዓለም ላይ ማንም የማይችለውን ነገር ቻለ፤ ነገር ግን በትክክል ከሠራው ማንም አያየውም፤ ያየው ቀን ደግሞ ጭብጨባ አይደለም የሚጠብቀው፣ ጥይት ነው። ለሚስት የማይነገር፣ ለጓደኛ የማይነገር ጉብዝና። ከዚያ አንድ ቀን ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሰው በሩን አንኳኩቶ፣ ከፊቱ ተቀምጦ፣ የሠራውን ሥራ ከነክብደቱ ያየዋል። ድገመው ይለዋል። እንደገና ድገመው ይለዋል።

እኔ እንደሚመስለኝ ያን ቀን የበለጠ የተደሰተው ቨርነን አይደለም።

ኬኔዲ ዘዴውን አሳየው። ለምን? ቁማርተኛ እንጀራውን ለማያውቀው ሰው የሚሰጥበት ምክንያት ከነገርኳችሁ ውጪ ሌላ አይታየኝም። ቨርነን ያየውን ለወዳጆቹ ሲነግር መጀመሪያ ላይ የሚያምነው እንኳ ማግኘት ተቸግሮ ነበር። ኬኔዲ ግን እዚያው ሚዙሪ ቀረ፤ ከምትሃተኞች ሹክሹክታ በስተቀር ስሙን የሚያነሳ ሳይኖር አለፈ። ኑሮውን ሰብስቦ የጻፈው ካርል ጆንሰን የሚባል ጋዜጠኛ ነው፤ መጽሐፉ የወጣው በ2005 ነው፤ ከዚያ ቀን በኋላ ሰባ ዓመት ካለፈ።

እስካሁን ቨርነንን ሳሞግስ ቆየሁ፤ ግን ሚስቱ ብትተርከው ታሪኩ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው። አባትየው ገንዘብ ሲያገኝ አንድ እጁ የሚያማምር ቁማርተኛ ፍለጋ ባቡር ይሳፈራል፤ ሳያገኝ ደግሞ ቤት ተቀምጦ ካርታ ይበውዛል። የሚታየው ቁም ነገር፣ የሚገባው ደሞዝ የለም። አፍቅሮ የጠፋ ሰው ቤት ውስጥ ሂሳቡን የሚከፍለው ሌላው ነው፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ከመርካቶው ሰውዬ በምን እሻላለሁ?

በ1941 ሥራ ጠፍቶ ግንባታ ላይ ተቀጠረ፤ በኒው ዮርክ በኢስት ሪቨር ዳርቻ በሚሠራው መንገድ ላይ። ከመወጣጫው ላይ ወደቀ። ሁለቱም ክንዶቹ ተሰበሩ። ያን የሚያህል እጅ! አገገመ፤ ጣቶቹም ተመለሱ። የቀረውን ሃምሳ ዓመት የኖረው በእነዚያው ክንዶች ነው።

መጨረሻውን በአጭሩ። በ1963 ሆሊዉድ ውስጥ ማጂክ ካስል የሚባል የምትሃተኞች ክበብ ተከፈተ፤ ቨርነን ወደዚያ ሄዶ እንደ አውራ ሊቅ ተቀመጠ። ወጣቶች ከዓለም ዙሪያ እየመጡ ከእግሩ ሥር ይቀመጡ ነበር፤ ፕሮፌሰር ይሉታል። ሲጋራው ከእጁ፣ ካርታውም ከእጁ አይለይም። የሚያስተምራቸው ዋና ነገር ጣት ማፍጠን አልነበረም፤ ተፈጥሯዊ ሁኑ ይላቸው ነበር። ምትሃት በማትሠራበት ሰዓት ሳንቲም እንዴት ነው የምታነሳው? በምትሠራበትም እንደዚያው አንሳው። ቀላል ይመስላል አይደል? ቆይ፣ እመጣበታለሁ።

ከተከታዮቹ አንዱን ግን ሳላነሳ አላልፍም። በ1959 ፐርሲ ዳያኮኒስ የሚባል የ14 ዓመት የኒው ዮርክ ልጅ ከቤቱ ጠፍቶ ቨርነንን ተከትሎ አገር ለአገር ዞረ። ልጄ ቢሆን ምን እንደማደርገው አላውቅም። ያ ልጅ ግን ካርታ ሲበውዝ ሲበውዝ የዕድል ሂሳብ ጠመመበት፤ መጽሐፍ ገዛ፣ አልገባው አለ፤ እንዲገባው ብሎ ማታ ማታ ትምህርት ጀመረ፤ በኋላም በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ሊቅ ሆነ። በ1992 ከሌላ የሒሳብ ሊቅ፣ ከዴቭ ባየር ጋር ሆኖ 52 ካርታ በደንብ ተቀላቀለ የሚባለው፣ ለሁለት ከፍለው እርስ በርሱ እያስገቡ ሲበውዙት፣ ሰባት ጊዜ ሲበወዝ መሆኑን አሳየ። ሦስቴም አራቴም አይበቃም። ኮንከር የምትጫወቱ ሰዎች ይህን ለቤታችሁ ያዙት። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ቨርነን በ98 ዓመቱ አረፈ።

አሁን ስለ ተፈጥሯዊነት ያልኩት።

እኔም እንግዲህ ከመርካቶ ወዲህ አልዳንኩም። ካርታ እጄ ላይ አይረጋም፤ ሳንቲም ይሻለኛል። ያ ወርቃማና ብርማ የሆነው የአንድ ብር ሳንቲም ጥሩ ነው፤ ጠርዙ መዳፍ ይነክሳል። ነገሩ እንዲህ ነው። ሳንቲሟ በቀኝ እጄ አለች። ወደ ግራ እሰጣታለሁ፤ ሰጠሁ ብላችሁ ታምናላችሁ፤ ግን ቀኝ መዳፌ ውስጥ፣ በአውራ ጣት ሥር ባለችው ሥጋና በትንሿ ጣት ወገን ባለው መካከል ተነክሳ ቀርታለች። ግራ እጄን እጨብጣለሁ፣ እፍ እላለሁ፣ እከፍታለሁ፤ ባዶ። መስታወት ፊት ስምንት ወር ሠራሁት። መስታወቱ ሙሉ በሙሉ ተታሏል።

አንድ እሑድ አክስቴ ቤት ቡና ተፈልቶ፣ ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ ወጣሁበት። «እቴቴ፣ እዩኝ» አልኳት። እፍ። ባዶ። አክስቴ አማተበች፤ ጎረቤቷም «ምን ጉድ ነው!» አሉ። ልቤ ሞላ። ይሄኔ የአክስቴ የልጅ ልጅ፣ ስድስት ዓመት ያልሞላው ማሙሽ፣ ፈንዲሻውን እየቆረጠመ «በዚያኛው እጅህ ነው» አለ። ዝም ብሎ ነው የተናገረው፤ እንደ ቀላል ነገር።

«እንዴት አወቅህ?»

«ያኛው እጅህ አሞታል።»

እጄን አየሁት። እውነትም ቀኝ እጄ እንደ ታመመ ሰው እጅ ጎኔ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ጣቶቹ ተኮማትረዋል፣ አውራ ጣቱ ደርቋል። ስምንት ወር ሙሉ ስለ ግራው ሳስብ ቀኙን ረስቼው ኖሯል። ሰው ባዶ እጁን እንዲህ አይዝም። ባዶ እጅ ጀርባ ያካል፣ ስኒ ያነሳል፣ ፈንዲሻ ይዘግናል። ቨርነን ከሆሊዉድ ወንበሩ ላይ ሆኖ ለሠላሳ ዓመት ገደማ ሲለፋ የኖረው ይህንን ለማስረዳት ነው፤ ለእኔ ግን የገባኝ በፈንዲሻ ነው።

ወደ ቤቴ ሄጄ እንደገና ጀመርኩ። በዚህ ጊዜ መስታወቱን ተውኩት። ሳንቲሟን መዳፌ ውስጥ ነክሼ በር እከፍታለሁ፣ ሽንኩርት እከትፋለሁ፣ ታክሲ ላይ ረዳቱ ሂሳብ ሲለኝ በዚያው እጅ እከፍላለሁ። አንድ ጊዜ ሳላስበው እሷኑ ጨምሬ ሰጥቻለሁ። ረዳቱም አልመለሰልኝ።

ለፋሲካ አክስቴ ቤት ስሄድ ማሙሽን ፈልጌ ከፊቱ ተቀመጥኩ። ሳንቲሟን አሳየሁት፤ ወደ ግራ ሰጠሁ፤ በቀኝ እጄ የድፎ ዳቦ ቆረስኩና ጎረስኩ። እፍ። ባዶ። ማሙሽ ግራ እጄን አየ። ቀኝ እጄን አየ። ዳቦውን አየ። ምንም አላለም።

«አምጣት» አለኝ በመጨረሻ። «እኔም ላሳይህ።»

ሰጠሁት። ጀርባውን ሰጥቶኝ ትንሽ ተቁነጠነጠ፤ ዞሮ ሁለት ቡጢ ዘረጋልኝ። የግራውን መታሁ፤ ባዶ። የቀኙን መታሁ፤ ባዶ። እጅጌውን አራገፍኩ፣ ኪሱን ገለበጥኩ፣ ወለሉን አየሁ። የለችም። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሳንቲሟ የለችም!

«የት አደረግሃት?» አልኩት።

አይመልስም። ጉንጩ ግን አብጧል።

አክስቴ ከማጀት ብቅ ብላ አየችው፤ «ትፋ!» ስትል ቤቱ ተናወጠ። «ትፋ አልኩህ! አንተም ደግሞ፣ ልጁን ልትገድልብኝ ነው!»